ካሴት ብቻ ለሚጎርስ የመኪና ቴፕ ምን ይሻላል?

የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «መኪናዬ የ1997 ሞዴል ናት። ቴፑ ሬዲዮና ካሴት ብቻ ነው ያለው፣ ሲዲ እንኳን የለውም። የኢርፎን ቀዳዳ ያላት ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ አለችኝ። ላይተሩ ላይ የሚሰካ ኤፍ ኤም ትራንስሚተር ገዝቼ ነበር። ስነሳ ደህና ይሠራል፤ ትንሽ እንደነዳሁ ግን ሽሽ ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ የሌላ ጣቢያ ወሬ ይገባበታል። አንዱ ጓደኛዬ ‹የኢርፎን ገመድ ቆርጠህ ከስፒከሩ ገመድ ጋር ቀጥለው፣ በቀጥታ ይጫወታል› አለኝ። ሌላው ‹ቴፑን ነቅለህ ጣለው› ይላል። ቴፑን መቀየር አልፈልግም፣ ከመኪናዋ ጋር ይሄዳል። ምን ባደርግ ይሻላል?»

የስፒከሩን ነገር ላስቀድም። ከተነገረዎት ሁሉ ዕቃ የሚያቃጥለው እሱ ነው። አያድርጉት።

ማጫወቻዎ የተሠራችው ለኢርፎን ነው። ኢርፎን አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 32 ኦም ነው፤ ጥቂት ሚሊዋት ካገኘ ጆሮ ያደነቁራል። የመኪና ስፒከር ግን በአብዛኛው 4 ኦም ነው፣ የሚፈልገውም ዋት ነው። ማጫወቻዋን ብቻዋን ስፒከር ላይ ቢያስሯት የሚሰሙት ከሌላ ክፍል የሚመጣ የሚመስል ሹክሹክታ ነው። ይሄ እንኳን ምንም አይደል። ክፉው ነገር የሚመጣው ቴፑ ከስፒከሩ ጋር እንደታሰረ ሲበራ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ አብዛኞቹ ቴፖች ላይ የስፒከሩ ኔጋቲቭ የሚመስለው ገመድ ከመኪናው ብረት ጋር የተገናኘ አይደለም። ቴፑ ሲበራ ሁለቱም የስፒከር ገመዶች ላይ የባትሪው ግማሽ፣ ማለትም 6 ቮልት ገደማ ይቆማል። ማጫወቻዋ ላይተሩ ላይ በተሰካ ቻርጀር በኩል ከመኪናው ብረት ጋር ከተገናኘች ደግሞ ነገሩ ሾርት ሆነ ማለት ነው። ወይ ማጫወቻዋ ትሄዳለች፣ ወይ የቴፑ አምፕሊፋየር፣ ወይ ሁለቱም።

ጓደኛዎ የሳተው ቦታውን ነው። ሙዚቃው መግባት ያለበት ከአምፕሊፋየሩ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ቴፕ ውስጥ ከሬዲዮው የመጣውም፣ ከካሴቱ የመጣውም ድምፅ መጀመሪያ ደካማ ነው። በድምፅ መቀነሻውና በቤዝ ማስተካከያው ያልፋል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎለብተዋል፣ ከዚያ ወደ ስፒከር ይወጣል። ስለዚህ የምንፈልገው ከአምፕሊፋየሩ በፊት የሚያስገባ በር ነው። አዳዲሶቹ ላይ «ኦክስ» የሚባል ክፍት በር ፊት ለፊት ተቀምጧል። የእርስዎ ላይ በግልጽ የሚታዩት በሮች ሁለት ናቸው፦ አንቴናውና የካሴቱ አፍ። ከኋላ ሦስተኛ ሊኖር ይችላል፣ እመለስበታለሁ።

ትራንስሚተሩ የሚገባው በአንቴናው በር ነው። የተበላሸ ዕቃ የሸጡልዎት መስሎዎት ከሆነ ምናልባት አይደለም። ይህች ዕቃ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ናት። የአየር ሞገዱ የጋራ ስለሆነ ብዙ አገሮች ጉልበቷ ከጥቂት ሜትር እንዳያልፍ በሕግ ይገድባሉ። በዚያ ላይ እሷ ያለችው መኪናው ውስጥ ነው፣ በቆርቆሮ ተከባ። አንቴናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ነው፣ ከማማ ላይ የሚያሰራጨውን ትልቅ ጣቢያ ፊት ለፊት እያየ። ኤፍ ኤም ሬዲዮ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት ጣቢያ ከመጣበት አይቀላቅልም፤ ጠንከር ያለውን ይዞ ደካማውን ይጥላል። ለዚህ ነው ሲነሱ ደህና የነበረው። እዚያ ቦታ ላይ የመረጡት ሞገድ ባዶ ነበር። ነድተው በዚያው ሞገድ ላይ የሚያሰራጭ ጣቢያ ወደሚጎላበት ሲደርሱ መጀመሪያ ሁለቱ ይታገላሉ፣ ያ ሽሽታ ነው፤ ከዚያ ጣቢያው ያሸንፋል። ውዱን ትራንስሚተር ቢገዙም ይህ አይቀየርም። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ብሉቱዙና ስለ መብራቱ ነው፤ የሞገዱን ጉልበት ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ ከፍ ማድረግ አይፈቀድም።

ለጊዜው በያዙት መጠቀም ካለብዎ የሚያግዙ ዘዴዎች አሉ። ባዶ ሞገድ ሲፈልጉ ራሱ ባዶ መሆኑ አይበቃም። ከላይና ከታች ያሉት ጎረቤቶቹም፣ በ0.2 ሜጋኸርዝ ልዩነት፣ ባዶ ይሁኑ። አንቴናዎ የሚሳብ ዓይነት ከሆነ ወደ ውስጥ አስገብተው ይሞክሩ። ነገሩ ግልብጥ ይመስላል፣ ግን የሩቁ ጣቢያ ሲዳከም የቅርቡ ትራንስሚተር ያሸንፋል። የማጫወቻዋን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ቴፑን ማስጮህም አይረዳም። ደካማ ድምፅ ከሰጧት ትራንስሚተሯ ደካማውን ታሰራጫለች፣ ቴፑ ደግሞ ሽሽታውን አብሮ ያጎላዋል።

መኪናዎ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የዚያ ዘመን የጃፓን ሬዲዮ የሚቀበለው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። አብዛኞቹ ትራንስሚተሮች የሚያሰራጩት ከ87.5 እስከ 108 ነው። የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው። እዚያች ላይ ባዶ ሞገድ ካጡ ነገሩ አለቀ።

አሁን ወደ ሁለተኛው በር፣ ወደ ካሴቱ አፍ። የኔ ምክር እዚህ ላይ ነው፤ የካሴት አዳፕተር ይግዙ። ካሴት የምትመስል ፕላስቲክ ናት፣ ከጎኗ ገመድ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ 3.5 ሚሊሜትር የኢርፎን ጃክ አለው። ጃኩን ማጫወቻዋ ላይ፣ ካሴቷን ቴፑ ውስጥ፣ አለቀ። ብዙ ሰው ያረጀች ነገር ናት ብሎ ይንቃታል። እኔ ግን ካሴት ላለው መኪና ከትራንስሚተር በፊት የማነሳው እሷን ነው።

አሠራሯን ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ችግር ሲፈጠር የት እንደሚፈለግ ይነግርዎታል። እውነተኛ ካሴት ሲጫወት ማግኔት የተቀባው ሪባን በቴፑ ሄድ (ሪባኑን በሚያነበው ትንሽ ብረት) ፊት ያልፋል። የሪባኑ ማግኔት ከፍ ዝቅ ሲል ሄዱ ውስጥ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያ ነው ሙዚቃው። አዳፕተሯ ውስጥ ሪባን የለም። በምትኩ ሌላ ትንሽ ሄድ አለች፣ ከቴፑ ሄድ ጋር አፍ ለአፍ የምትገጥም። ከማጫወቻዋ የመጣው ድምፅ እሷ ውስጥ ማግኔት ይፈጥራል፣ የቴፑ ሄድ ሪባን ያለፈ ይመስለዋል። ውስጥ የሚሽከረከሩት ጥርሶች ለሙዚቃው ምንም አያደርጉም። ሥራቸው ቴፑን ማታለል ነው፤ ሪሉ (ሪባኑ የሚጠመጠምበት ክብ) ካልዞረ ብዙ ቴፕ ካሴቱ አልቋል ብሎ ይተፋል ወይም ወደ ሌላው ገጽ ይገለብጣል።

ከዚህ አሠራር የሚገኝ አንድ ጥቅም አለ፣ ብዙም ሲነገር የማልሰማው። ኦክስ ያላቸው ሰዎች ማጫወቻቸውን ላይተር ላይ ቻርጅ እያደረጉ ሙዚቃ ሲከፍቱ አንድ ፉጨት ያስቸግራቸዋል። ነዳጅ ሲረግጡ አብሮ ይቀጥናል፣ ሲለቁ ይወርዳል። የዲናሞው ድምፅ ነው። ማጫወቻዋ ከመኪናው ብረት ጋር በሁለት መንገድ፣ በቻርጀሩም በኦክስ ገመዱም፣ ስለተገናኘች በሁለቱ መካከል ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል። እነሱ በገመዱ መሐል ድምፁን በትንንሽ ትራንስፎርመር የሚያሳልፍ መለያ ይገጥማሉ። የካሴት አዳፕተር ግን ከቴፑ ጋር የሚነካካ ሽቦ የላትም። ድምፁ የሚሻገረው በማግኔት ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ዓይነቱ ፉጨት አብዛኛውን ጊዜ አይደርስብዎትም። ቻርጀሩ ርካሽና ጫጫታም ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት ጩኸት ሊለቅ ይችላል። ያኔ ቻርጀሩን ነቅለው ይስሙ፤ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ።

ከመግዛትዎ በፊት ቴፑን ይፈትኑት። አሮጌ ካሴት ከየትም ፈልገው፣ ቢሰበርም የማይቆጭዎትን፣ ያስገቡና ያጫውቱ። ሪሉ ዞሮ ሁለቱም ጎን ስፒከር ከጮኸ ጨርሰዋል። ድምፁ ወፍራም ሆኖ እንደታፈነ ከተሰማ ሄዱ ቆሽሿል። ጥጥ በእንጨት ጫፍ ላይ ጠቅልለው፣ በንጹሕ አልኮል አርጥበው ሄዱንና ሪባኑን የሚጎትተውን ጥቁር ጎማ ይጥረጉ። ጥጡ ቡኒ ሆኖ ቢወጣ አይደንግጡ፤ የዓመታት የሪባን ብናኝ ነው። ሲደርቅ ነው ካሴት የሚገባው። ካሴት የሚበላ ቴፕ ከሆነስ? ተስፋ አይቁረጡ። አዳፕተሯ ውስጥ የሚበላ ሪባን የለም፣ አንዳንዱ ካሴት በሊታ ቴፕ እሷን በሰላም ያጫውታል። ሞተሩ ጨርሶ የማይዞር ከሆነ ግን አይቀበላትም።

አዳፕተሯ ሄዱን ትበላዋለች የሚሉ አሉ። እንዲያውም ሄድን የሚበላው እየተንሸራተተ የሚያልፈው ሪባን ነው። አዳፕተሯ ላይ የሚንሸራተት ነገር የለም። ሊጎዳ የሚችለው ሌላ ልማድ ነው፤ መኪናውን አጥፍቶ ካሴቷን እዚያው ትቶ መሄድ። አንዳንድ የቆዩ ቴፖች ቁልፍ ሲጠፋ ጎማውን ከካሴቱ አያላቅቁም፣ እንደተጫነ ያድራል። ጎማው ቀስ በቀስ ይጎደጉዳል። ሲወርዱ አስወጥተው ጥላ ውስጥ ያስቀምጧት። ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ከመታት ፕላስቲኳ ይጣመማል፣ ከዚያ ወዲያ ትገባለች እንጂ አትወጣም።

አስገብተው የማያቋርጥ ቀጭ ቀጭ ከሰሙ፣ ወይም ቴፑ በየሰከንዱ ገጽ እየቀያየረ ካስቸገረዎ፣ ቴፑ ገጹን ራሱ የሚገለብጥ ዓይነት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ገጽ መቀየሪያውን አንዴ ይጫኑ። አዳፕተሯ በአንዱ አቅጣጫ ጭጭ ብላ በሌላው ጥርት አድርጋ ልትጫወት ትችላለች፣ ሄዷ የምትገጥመው በአንዱ ብቻ ከሆነ። እንቢ ካለ ምናልባት ጥርሶቿ ከብደው ነው። ሌላ ሥሪት ይሞክሩ። አዳፕተሮች እኩል አይደሉም፤ ስለዚህ ሲገዙ ካልሠራ የሚመልሱልዎት ቦታ ይግዙ። ጥርሶቹን ከፍተው ያውጡ የሚል ምክር ይሰማሉ። መዞርን የማይቆጣጠር ቴፕ ላይ ይሠራል፣ ጸጥም ይላል፤ የሚቆጣጠር ላይ ግን ወዲያው ይተፋታል። ያው መጨረሻ ላይ የሚሞከር ነው።

ሌላው የሚረሳ ነገር «ዶልቢ» የሚል ቁልፍ ነው። ካለ ያጥፉት። ዶልቢ የተሠራው የሪባን ሽሽታን ለመቀነስ ነው፤ ሲያጫውት ቀጫጭን ድምፆችን ዝቅ ያደርጋል። እዚህ ሪባን የለም፣ ስለዚህ የሚቀነሰው ሙዚቃው ራሱ ነው። አዳፕተሯ ታፈነች ብለው የሚጥሏት ሰዎች ውስጥ ይህን ቁልፍ ያላዩ አሉበት።

የድምፁን መጠን እንዲህ ያስተካክሉ። የማጫወቻዋን የድምፅ ማስተካከያ፣ ቤዝ መጨመሪያ የሚሉትን ሁሉ፣ ያጥፉ። ድምፇን ከሙሉው ወደ ሦስት አራተኛ ያድርሱት። የቀረውን በቴፑ ይጨምሩ፣ ይቀንሱ። ጮክ ባለው ቦታ ድምፁ ከተሰነጠቀ ማጫወቻዋን ትንሽ ይቀንሱ። ሽሽታ ከበዛ ይጨምሩ። እና አደራ፣ ከካሴት ወደ ሬዲዮ ከመመለስዎ በፊት የቴፑን ድምፅ ዝቅ ያድርጉ። አዳፕተሯ ላይ ከፍ አድርገው የተዉት ቴፕ ሬዲዮው ላይ ሲመለስ ከወንበር ያስነሳል። እኔ አንዴ አይደለም የተነሳሁት።

ገመዱ የማርሽ ዘንግ ላይ እንዳይጠመጠም፣ ከፔዳል አጠገብም እንዳይንጠለጠል በጎን በኩል ይዘውት ይለፉ። የካሴት አፉ በር የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ ገመዱ የሚወጣበትን ጥግ ፈልገው ያሳልፉት፣ እንዲቆነጠጥ አያድርጉ። ዘፈኑንም ሳይነሱ ይምረጡ።

ወደፊት ከማጫወቻዋ ወደ ሞባይል ቢሄዱና ሞባይሉ የኢርፎን ቀዳዳ ባይኖረው አዳፕተሯ አትጣልም። ከቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ወደ ኢርፎን ጃክ የሚቀይር አጭር ገመድ አለ። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ሁለት ዓይነት ነው፣ መልካቸው አንድ ነው። አንዱ ውስጡ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ትንሽ ቺፕ አለው። ሌላው ባዶ ሽቦ ነው፣ የሚሠራው ድምፁን ራሳቸው ቀይረው በዚያ ቀዳዳ ከሚያወጡ ሞባይሎች ጋር ብቻ ነው። ቺፕ ያለውን ይጠይቁ። ብሉቱዝ ያላቸው፣ በራሳቸው ባትሪ የሚሠሩ ካሴቶችም አሉ። ጥሩ ናቸው፣ ባትሪያቸው መንገድ ላይ ማለቁን ከታገሱ።

ሦስተኛው በር ከኋላ ነው ብዬ ነበር። በዚያ ዘመን አንዳንድ የካሴት ቴፖች ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከሚቀመጥ ባለ ብዙ ሲዲ ሳጥን ጋር እንዲገናኙ ሆነው ነው የተሠሩት፣ ሳጥኑ ባይገጠምም። የቴፑ ፊት ላይ ሲዲ የሚል ቁልፍ ካለ፣ ሲዲ ሳይኖረው፣ ይጠርጥሩ። ከኋላው ብዙ እግር ያለው ሶኬት ይኖራል። በዚያ የሚገባ ድምፅ ከሁሉም ይጠራል። ችግሩ ሽቦ ማስገባት ብቻ አይበቃም። ቴፑ ከሳጥኑ «አለሁ» የሚል ምልክት ካልደረሰው ያንን በር አይከፍተውም። ምልክቱን የሚያስመስል አገናኝ ያስፈልጋል፣ እሱም ለዚያው ሥሪትና ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት። ለእርስዎ ቴፕ የሚሆን ካገኙና የሚገጥምልዎ ሰው ካለ፣ ከካሴት አዳፕተር ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ካላገኙ ብዙ አይድከሙ።

ቴፑን ከፍቶ ውስጡ ሽቦ የሚበይድ ባለሙያም ሊያጋጥምዎ ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ይቻላል። ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ «የት ላይ ነው የምትበይደው?» መልሱ «ሄዱ ላይ» ከሆነ ቴፕዎን ይዘው ይሂዱ። ሄዱ የሚያወጣው የሚሊቮልት ክፍልፋይ ነው፣ ማጫወቻዎ ደግሞ ግማሽ ቮልትና ከዚያም በላይ ልታወጣ ትችላለች። ልዩነቱ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው፤ የሚሰሙት ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይሆንም። ትክክለኛው ቦታ ከድምፅ መቀነሻው በፊት ነው፣ ያንን ለማግኘትም የቴፑን የሰርኪዩት ሥዕል ማየት ያስፈልጋል።

በማንኛውም ምክንያት ቴፑ ከቦታው የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ የሌባ መከላከያ ኮድ እንዳለው ያጣሩ። ኮድ ያለው ቴፕ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ይቆለፋል፣ ያለ ቁጥሩ አይከፈትም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከመኪናው መመሪያ ደብተር ጋር በካርድ ይመጣል። ኮዱ በእጅዎ ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅለው ይጀምሩ። ይህን የሚያነብ የጭነት መኪና ባለቤት ካለ ደግሞ፣ መኪናዎ 24 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ለ12 ቮልት የተሠራ ዕቃ አይስሩበት።

የካሴቱ ሞተር ከሞተስ? ያኔ ወደ አንቴናው በር እንመለሳለን፣ ግን በአየር ሳይሆን በገመድ። በአንቴናውና በቴፑ መካከል የሚገባ የኤፍ ኤም ሞዱሌተር የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ። የአንቴናው ገመድ ወደ እሱ ይገባል፣ ከእሱ ወደ ቴፑ ይሄዳል። ሲበራ የውጭውን አንቴና የሚቆርጠውን ዓይነት ይምረጡ። የሚታገል ጣቢያ ስለማይኖር የቅድሙ ሽሽታና የሌላ ጣቢያ ወሬ የለም። ድምፁ አሁንም የኤፍ ኤም ድምፅ ነው፣ ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ይቆረጣል፤ በሚሄድ መኪና ውስጥ ግን ይህን የሚለይ ጆሮ ብዙ አይደለም። ሬዲዮ ማዳመጥ ሲፈልጉ ሳጥኑን ማጥፋት እንዳይረሱ። ቴፑ መውጣት ስላለበትና ሳጥኑ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚበራ መስመር ከነፊውዙ ስለሚያስፈልገው ለመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይስጡት።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። ዛሬ አሮጌ ካሴት አስገብተው ሞተሩን ይፈትኑ፣ ሄዱን ይጥረጉ። ከዞረ ባለ ገመድ የካሴት አዳፕተር ይግዙ። ካልዞረ ሞዱሌተሩን ያስገጥሙ። ሁለተኛ ትራንስሚተር ግን አይግዙ፤ ያቺኑ የመጀመሪያዋን፣ የቻርጅ ቀዳዳ ካላት፣ ላይተሩ ላይ ሰክተው ማጫወቻዎን ቻርጅ ያድርጉባት።